ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል ሲያደናቅፍ

ጥያቄ፦ ልጄ አራተኛ ክፍል ናት። አጫጭር የእንግሊዝኛ ቃላትን አትሳሳትም። ረጅም ሲገጥማት ግን የመጀመሪያዎቹን ፊደላት አይታ ቀሪውን በግምት ትጨርሰዋለች። እንዴት ላግዛት?
እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ግምቱ ከስንፍና የመጣ አይደለም። በእኛ ፊደል አንዱ ሆሄ ተነባቢውንና አናባቢውን አብሮ ስለሚይዝ ቃሉ ተቆራርጦ ይቀርብልናል። በእንግሊዝኛ ግን የት እንደሚቆረጥ የሚወስነው አንባቢው ነው።

አስቀድማ ቅጥያዎቹን ታንሳ። «አንኮምፈርተብል» የሚለውን በእንግሊዝኛ ይጻፉላትና ከፊት «አን»ን፣ ከኋላ «ኤብል»ን በጣትዎ ይሸፍኑ፤ የምታውቀው «ኮምፈርት» ይቀራል። «አን» አፍራሽ መሆኑን ከያዘች «አንሃፒ»ም አያስቸግራትም።

ቅጥያ ከሌለው በአናባቢዎቹ ሥር ታስምር፤ እያንዳንዱ ክፍለ ቃል አንድ የአናባቢ ድምፅ ብቻ አለው። በሁለት አናባቢዎች መካከል ሁለት ተነባቢዎች ካሉ ብዙውን ጊዜ መሃላቸው ይቆረጣል፤ «ባስ-ኬት» እንደሚባለው። ተነባቢው አንድ ሲሆን ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። በ«ታይ-ገር» ወደ ቀጣዩ ክፍል ይሄዳል፣ በ«ካም-ኤል» ከፊተኛው ጋር ይቀራል። ደንቡን ከማሸምደድ ሁለቱንም ሞክራ፣ የምታውቀውን ቃል የሚሰጣትን ብትይዝ ይሻላል፤ እንግሊዝኛ ለደንቡ ያን ያህል ታማኝ አይደለም።

በቀን አምስት ቃል ይበቃል፤ ከመማሪያ መጽሐፏ ይምረጡ።

አማርኛ ስታነብም የምትቸገር ከሆነ ግን መምህሯን ያነጋግሩ፣ ዓይኗንና ጆሮዋን ያስመርምሩ። ችግሩ ከቀጠለ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ ቢያያት መልካም ነው።