ዘንቢሉን እንመልሰው



በ2017 ዐረፋ ያረድነው ኡድሒያ ጨጓራው ሲከፈት የተጠቀለለ ፌስታል ተገኘበት። በጉ እንዴት ኖረ ብለን ተገረምን። ማታ ግን ሌላ ጥያቄ አስጨነቀኝ፤ ፌስታሉን ማን ጣለው? በዚያው ሳምንት እኔ ራሴ ጎመኑን፣ ቲማቲሙንና ቃሪያውን በየራሱ ፌስታል አንጠልጥዬ ከገበያ ተመልሻለሁ።

እናቶቻችን ገበያ የሚወጡት ዘንቢል ይዘው ነበር። በክረምት የጓሮ ጎመን፣ ክረምቱ ሲወጣ ዱባ ይሠሩልን ነበር። በወቅቱ የደረሰ አትክልት ይረክሳል፤ ትኩስ ሳለም ከድስት ይገባል። ጎመኑን ከትፎ በሽንኩርትና በቃሪያ ማብሰል ነው። ግንዱና ልጣጩ ለከብት ወይም ለጓሮ አፈር ይሆናል፤ ፌስታል ግን ለአንዱም አይሆንም።

ሕጉ ዝም አላለም። የ1999ኙ አዋጅ ቁጥር 513 ስስ ፌስታልን ከልክሎ ነበር፤ በ2017ም ምክር ቤቱ ጠበቅ ያለ አዋጅ አጽድቋል። ለእኛ ግን ከሁሉ በፊት የአላህ (ሱ.ወ.) ትእዛዝ አለ። በሱረቱል አዕራፍ 31ኛው አንቀጽ መብላትና መጠጣት ሲፈቀድ ማባከን ተከልክሏል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) አስቸጋሪን ነገር ከመንገድ ማስወገድ ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን አስተምረዋል። ታዲያ አስቸጋሪውን ነገር መንገድ ላይ የምንጥል እኛ ምን ልንባል ነው?

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፣ ለገበያ ዘንቢል፣ ለኢፍጧር ሾርባ ክዳን ያለው ዕቃ ይዘን እንውጣ። እኔ ጀምሬያለሁ። አላህ ከአባካኞች አያድርገን፤ አሚን!