የጣት ላይ ኦክስጅን መለኪያ፦ ቁጥሩ የሚለውና የማይለው

ኮቪድ-19 በኢትዮጵያ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ ወዲህ ፐልስ ኦክሲሜትር የተባለው የጣት ላይ መለኪያ ከሕክምና ተቋማት አልፎ በመኖሪያ ቤቶችም መታየት ጀምሯል። መሣሪያው ደም ሳይቀዳ በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን መጠን ያመለክታል። ይሁን እንጂ ንባቡ ግምት ነው፤ የሚሳሳትበትም ጊዜ አለ።

ልኬቱ እንዴት ይስተካከላል?

መሣሪያው ቀይና ለዓይን የማይታይ ብርሃን በጣት ውስጥ ያሳልፋል። ኦክስጅን የተሸከመ ደምና ያልተሸከመ ደም ብርሃኑን እኩል ስለማይመጥጡ ልዩነቱ በስሌት ወደ መቶኛ ይቀየራል። አምራቹ ስሌቱን የሚያዘጋጀው ጤናማ ፈቃደኞች ኦክስጅኑ የተቀነሰ አየር ሲተነፍሱ የሚታየውን ንባብ ከደም ቅዳቸው ውጤት ጋር በማመሳከር ነው። ይህም ካሊብሬሽን ይባላል። ከፈቃደኞቹ መካከል ጥቁር ቆዳ ያላቸው ጥቂት ከሆኑ ስሌቱ ለእነርሱ በሚገባ አይስማማም።

በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመ ጥናት ይህንን አሳይቷል። መሣሪያው ከ92 እስከ 96 ባነበበበት ወቅት፣ የደም ምርመራው ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው በጥቁሮች 11.7 በመቶ፣ በነጮች 3.6 በመቶ ነበር።

በአዊ ዞን ምን ይለያል?

እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር፣ ዳንግላም ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ የጤነኛ ሰው ንባብ በቆላ ከሚኖር ሰው በጥቂቱ ሊያንስ ይችላል። ስለሆነም ሁለት ስሕተት ያሰጋል፦ በቆዳ ቀለም ሳቢያ ከፍ ብሎ በታየ ቁጥር መዘናጋት፣ እንዲሁም የወረደን ቁጥር «የደጋው አየር ነው» ብሎ ማለፍ።

ምን መደረግ አለበት?

1. በጤና ጊዜ ለተከታታይ ቀናት ለክቶ የራስን መደበኛ ንባብ መመዝገብ።
2. ከመለካት በፊት ጥቂት ደቂቃ ማረፍ፤ የቀዘቀዘን እጅ ማሞቅ፤ የጥፍር ቀለም ወይም እንሶስላ የሌለበትን ጣት መምረጥ።
3. ቁጥሩ እስኪረጋ መጠበቅ።
4. የቤቱን መሣሪያ በጤና ጣቢያ ካለው ጋር ማነጻጸር። ይህ ካሊብሬሽንን ባይተካም ጉልህ ልዩነትን ያሳያል።

ንባቡ ከመደበኛው በ3 ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ ከቀነሰ የጤና ባለሙያ ማማከር ይገባል። ከ90 በታች ከወረደ ግን ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም፣ የከንፈር መጥቆር ወይም የአእምሮ መደናገር ከታየ መሣሪያው ምንም ቁጥር ቢያሳይ ሕክምና አይዘግይ።