ዘንድሮ ደመናው በዝቷል? ከዓምናው ጋር ለማስተያየት

ነሐሴ ሲገባ «የዘንድሮው ክረምት ፀሐይ ነሳን» ይባላል፤ ዓምናም ተብሎ ነበር። እውነት መብዛቱን ለማወቅ በትዝታ መሟገት አያዋጣም፤ መመዝገብ ነው። ደብተርና እርሳስ ይበቃል።

1. ሰማዩ በሰፊው የሚታይበት አንድ ቦታ ይምረጡ። ከዚያ ወዲህ ቦታውን አይቀይሩ።

2. ሰዓት ይቁረጡ። ከሁሉም በላይ አደራ የምለው ይህን ነው። በደጋው አገር ጠዋት ጥርት ብሎ የነበረው ሰማይ፣ መሬቱ እየሞቀ አየሩ ወደ ላይ ሲነሣ ከሰዓት በኋላ ይደምናል። ዓምና ጠዋት 3 ሰዓት፣ ዘንድሮ ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ያየ ሰው ያወዳደረው ሰዓትን እንጂ ዓመትን አይደለም።

3. ሰማዩን በሐሳብ ለ8 ይክፈሉና ስንት እጁ እንደተሸፈነ ይጻፉ። የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች መለኪያውን ኦክታ ይሉታል። 0 የሚጻፈው አንድም ደመና ሲጠፋ ብቻ ነው፤ ጭራሮ የምታህል ብትኖር 1 ይሆናል። ትንሽ ቀዳዳ ከታየችም 7 እንጂ 8 አይባልም። ጉም ሰማዩን ጨርሶ ከጋረደው 9 ይጻፉ። አድማሱን ብቻ አይተው አይፍረዱ፤ እዚያ ደመናው በጎኑ ስለሚታይ ክፍተቱ ይሰወራል፣ ከልክ በላይም የበዛ ይመስላል።

4. ዝናቡን በሌላ ዓምድ ይያዙ። ቀኑን ሙሉ ደምኖ ጠብ ሳይል የሚመሽበት ጊዜ አለ።

5. በወሩ መጨረሻ አማካዩን ያውጡ። 9 የተጻፈባቸውን ቀናት ከስሌቱ አውጥተው ለብቻ ይቁጠሩ። ሐምሌን ከሐምሌ፣ ጥቅምትን ከጥቅምት ጋር ያስተያዩ፤ ጳጉሜን ሁልጊዜ ከነሐሴ ጋር ይደምሯት።

6. ልዩነት ሲያገኙ ለፍርድ አይቸኩሉ። የአንድ አካባቢ የአየር ንብረት የሚለካው በ30 ዓመት አማካይ ነው። ኤልኒኞ፣ ማለትም የፓሲፊክ ውቅያኖስ ከወትሮው መሞቅ፣ በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ የክረምቱን ዝናብ ብዙ ጊዜ ያሳንሳል፤ የ2007 ዓ.ም. ክረምት ያስከተለው ድርቅ ይታወሳል። እንዲህ ያለውን ዓመት በኅዳጉ ላይ ምልክት ያድርጉበት።

ገበሬ ከሆኑ ከኅዳር እስከ ጥር የምሽቱንም ሰማይ ይጨምሩ። ደመና በሌለበት ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ስለሚለቅ ውርጭ ይወርዳል። ሰብሉ የተመታበትን ቀን ከምሽቱ ቁጥር ጎን ይጻፉት።