የእግረኛና የመኪና ሒሳብ በመካነ ሰላም ጐዳና

መንገድ ማቋረጥ ትምህርት የሚያሻው ነገር አይመስልም። ነገር ግን እግረኛ ሁሉ ከጐዳናው ዳር ቆሞ «መኪናው ሳይደርስ እሻገር ይሆን?» እያለ በልቡ የሚሠራው ሒሳብ አለ። በእንግሊዝ አገር አዳምስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1936 መኪኖች በዘፈቀደ እንደሚመጡ ቈጥሮ፥ ታነር ደግሞ በ1951 የእግረኛውን ቆይታ አስልቶ፥ ይህንኑ ሒሳብ በወረቀት አስፍረውታል።

እኛም ከደሴ በአቀስታ አድርጎ መካነ ሰላም በሚገባው ጐዳና እንሞክረው። ለምሳሌ ያህል ስፋቱ 7 ሜትር ይሁን፤ በሰዓት 360 መኪናና ባጃጅ ይለፍበት፤ ይኸውም በአማካይ በየ10 ሴኮንዱ አንድ ነው። በሴኮንድ 1.2 ሜትር የሚራመድ ጐልማሳ ለመሻገር 6 ሴኮንድ ያህል ይበቃዋል፤ ለጥንቃቄ 2 ሲጨመር 8 ይሆናል። ይህን ያህል ክፍተት ከመቶው 45 ጊዜ ይገኛል፤ አማካይ ቆይታውም 4 ሴኮንድ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ በገበያ ቀን ሁለት የተጫኑ አህዮች የምትነዳ እናት እናስብ። አንዷ ከመካከል ትገተራለች፤ ሁለተኛዪቱም ወደ ኋላ ትቀራለች። እንግዲህ 16 ሴኮንድ ያስፈልጋት። ክፍተቱ እጥፍ ሲሆን ቆይታዋ ግን ወደ 24 ሴኮንድ ይደርሳል፤ ከ5 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ረጅም ክፍተት ብርቅ ነውና፥ እስኪመጣ ድረስ አጫጭሮቹ ሁሉ በቁመት ይታለፋሉ። ትዕግሥቷ ሲያልቅ በአጭሩ ትገባለች፤ አደጋውም እዚያ ነው። ስለዚህ ባዶ እጁን በሚሄድ ጐልማሳ ልክ የተቈረጠውን ቁጥር ለአገራችን ገበያ እንዳለ መውሰድ አይገባም እንላለን።

ስሌቱ ሌላም ጕድለት አለው፤ ሾፌሩ ፈጽሞ እንደማይቆም ይቈጥራል። በእውነቱ ሁለቱ እየተያዩ ነው የሚወስኑት። (ሾፌር ከሰው ይልቅ ለበሬ ቶሎ የሚቆም ይመስለናል፤ በሬ መኪና ይሰብራላ!) መቆም ግን በፈቃድ ብቻ አይሆንም። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሾፌር ለማስተዋል 1 ሴኮንድ ቢወስድ፥ በደረቅ መንገድ በ13 ሜትር ገደማ ይቆማል፤ በ50 ቢነዳ ግን 28 ሜትር ያህል ይፈልጋል። በደጋው ጉምና በክረምቱ ዝናብ ደግሞ ከዚህም ይብሳል።

ፍጥነቱ ተገትቶ፥ ጐዳናውም ጥቂት ሰፍቶ ከመካከሉ መቆሚያ ቢሠራለት፥ ያችው እናት በአንድ ጊዜ የአንዱን አቅጣጫ መኪና ብቻ ትጠብቃለች። ለየግማሹ 8 ሴኮንድ ብንሰጣትና መኪኖቹ ከሁለቱም ወገን እኩል ቢመጡ፥ የሁለቱ ቆይታ ተደምሮ ከ4 ሴኮንድ አያልፍም። መቆሚያው ግን አህዮቹን ከነጭነታቸው የሚይዝ መሆን አለበት።