በሣር ላይ ክብ ሠርቶ የሚበቅል እንጉዳይ፦ ለሐረር ከተማ ነዋሪዎችና ለአካባቢው አርሶ አደሮች የቀረበ ምክር

የክረምቱ ዝናብ ደጋግሞ ጥሎ ፀሐይ ብልጭ ስትል፣ በሶፊ፣ በኤረርና በድሬ ጠያራ ግጦሾችም ሆነ ከጀጎል ግንብ ውጭ ባሉ የትምህርት ቤትና የመሥሪያ ቤት ግቢዎች፣ እንጉዳይ ክብ ሠርቶ ቢበቅል አትደንግጡ። ምትሃት የለበትም። «የጅብ ጥላ» ቢባልም በሐረር ጅቦች የሚላከክ ነገር አይደለም።

አንድ የእንጉዳይ ዘር አፈር ላይ ሲያርፍ ከመሬት ሥር ነጭ ክር ይዘረጋል። ክሩ በሁሉም አቅጣጫ እኩል እየሰፋ ይሄዳል፤ መሐል ላይ ያለውን ምግብ ሲጨርስ እዚያው ሞቶ ጠርዙ ብቻ በሕይወት ይቀራል። ከላይ የምናየው እንጉዳይ በዚሁ ጠርዝ ላይ የሚወጣ ፍሬ ነው። ክሩ የበሰበሰ ሥርና ፍግ ሲያፈራርስ ናይትሮጅን ስለሚለቅ የዙሪያው ሣር ጠቆር ያለ አረንጓዴ ይሆናል፤ ክሩ በጣም ሲጠቀጠቅ ግን ውኃ አላስገባ ብሎ ሣሩን ያደርቀዋል። በፈረንሳይ ቤልፎር አጠገብ 600 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክብ ተገኝቶ ዕድሜው ከ700 ዓመት በላይ ተገምቷል።

የሚበላውም የሚመርዘውም ክብ ስለሚሠራ፣ ክቡን አይቶ ድስት መጣድ አይቻልም። በሞቃት አገሮች ብዙ ሰው ከሚመርዙት አንዱ ክሎሮፊለም ሞሊብዳይተስ የሚባለው ትልቅ ነጭ እንጉዳይ ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካም የታወቀ ነው። ባርኔጣው ከ10 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፣ በነጩ ላይ ቡናማ ቅርፊት ጣል ጣል ይልበታል፤ እግሩ ላይ ያለው ቀለበት በጣት ሲገፋ ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል። ከባርኔጣው ሥር እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩት ስስ ቅጠሎች ለጋ ሳሉ ነጭ ናቸው፤ ሲበስሉ አመድማ አረንጓዴ ይሆናሉ። አታላይነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ለጋው ሲለቀም አረንጓዴው ገና አልመጣም።

ከዚህ ጋር የሚምታታው የሚበላው የግጦሽ እንጉዳይ፣ አጋሪከስ ካምፔስትሪስ ነው። ተመራማሪው ዳዊት አባተ በ1999 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ዝርያ በኢትዮጵያ ደጋ መኖር ጽፈዋል። የዚህ ቅጠሎች በለጋነቱ ሮዝ፣ ሲበስል ቸኮሌት ቀለም ናቸው። ግን የእርሱም ዘመድ መርዛማ አለው፦ የእግሩን ሥር በጥፍር ስትጭሩት ወዲያው ደማቅ ቢጫ ከሆነና የመድኃኒት ወይም የቀለም ሽታ ካለው ጣሉት። በአጭር ሣር ውስጥ የሚበቅሉትን ትንንሽ ነጫጭ እንጉዳዮች ደግሞ ጨርሶ አትንኩ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ሙስካሪን የሚባል መርዝ አላቸው፤ ከ15 ደቂቃ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ላብና ምራቅ ያስወርዳሉ፣ ዓይን ያደበዝዛሉ።

ለመለየት ቀላሉ ዘዴ ከቅጠሎቹ የሚረግፈውን የዘር ዱቄት ማየት ነው። የበሰለውን ባርኔጣ ከእግሩ ቆርጣችሁ፣ ቅጠሎቹን ወደ ታች አድርጋችሁ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጡ፤ ብርጭቆ ደፍታችሁ አሳድሩት። ጠዋት ወረቀቱ ላይ አረንጓዴማ ዱቄት ካገኛችሁ ክሎሮፊለም ነው። ቡናማ ከሆነ ከአጋሪከስ ወገን ሊሆን ይችላል፣ የቢጫውን ፈተና ግን ማለፍ አለበት። ነጭ ዱቄት ደግሞ አማኒታ የሚባሉት ገዳይ እንጉዳዮችም አላቸውና ማረጋገጫ አይሆንም።

«ትል ከበላው፣ ፍየል ከበላችው፣ አብሮት የተቀቀለው ነጭ ሽንኩርት ካልጠቆረ ለሰው ይሆናል» የሚለውን አትመኑ። ማብሰልም መርዙን ሁሉ አያጠፋም። በእኔ በኩል፣ ባለሙያ በእጁ ይዞ ካላየው በቀር ከሣር ላይ የተለቀመ እንጉዳይ ለልጅ አይሰጥ ባይ ነኝ።

ከተበላ በኋላ ክሎሮፊለም ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ትውከትና ከባድ ተቅማጥ ያመጣል። ሰውየውን ለማስመለስ ጣት ጉሮሮው ውስጥ አትክተቱ፤ ራሱን ካልሳተ ኦ አር ኤስ እያጠጣችሁ በፍጥነት ወደ ሕይወት ፋና ወይም ወደ ጀጎል ሆስፒታል አድርሱት። የተረፈውን እንጉዳይ በወረቀት ጠቅልላችሁ ያዙ፤ ፌስታል ያበሰብሰዋል። ሕመሙ እንጉዳዩ ከተበላ ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ከጀመረ የባሰ ያስፈራል፤ ጉበት የሚያጠፋው የአማኒታ መርዝ እንዲህ ዘግይቶ ይመጣል፣ በመሐል የተሻለው መስሎም ያዘናጋል።

እንጉዳይ መብላት የሚፈልግ ኦይስተር እንጉዳይ በቤቱ ያልማ። በሙቅ ውኃ በተዘጋጀ ገለባ፣ የማሽላ አገዳ ወይም የቡና ገለፈት ላይ ይበቅላል። ዘሩን ከታመነ ምንጭ ግዙ፤ ከሜዳ ለቅሞ ማባዛት የለም።

የግቢውን ሣር በተመለከተ ፀረ ፈንገስ ለመርጨት ገንዘብ አታውጡ። የደረቀውን ዙሪያ በአትክልት ሹካ ወይም በሹል ብረት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት እየወጋችሁ ውኃ በደንብ አጠጡት። ልጆች የሚጫወቱበት ከሆነ እንጉዳዮቹን በየማለዳው ነቅላችሁ ቅበሩ።