አንበጣ ለተራበ

መጥምቁ ዮሐንስ በበረሃ ሲኖር አንበጣና የዱር ማር ይመገብ እንደ ነበር በማቴዎስ 3፥4 እናነባለን። ኦሪትም አንበጣን ከሚበሉት ወገን ቈጥራዋለች (ዘሌ. 11፥22)። እኛ ግን ስሙ ሲነሣ ፊታችንን እናጨማድዳለን። በዱር መንገድ ጠፍቶን ስንቃችን ቢያልቅስ?

ራሱን፣ ክንፉንና ሆድ ዕቃውን እናስወግዳለን፤ እሾሃም እግሩ አንጀት ሊዘጋ ስለሚችል እንነቅለዋለን፤ ጥገኛ ትል እንዳይተርፍ በእሳት በሚገባ እናበስለዋለን። ደማቅ ቀለም ወይም ጠጕር ያላቸውን ሌሎች ነፍሳት እንተዋቸዋለን።

ነገር ግን እንጠንቀቅ፤ በ2012 ዓ.ም. አገራችንን በወረረው መንጋ ላይ ፀረ ተባይ መርዝ ተረጭቶ ነበር። እንዲህ ያለውን መብላት ራስን መመረዝ ነው።

እንግዲህ ራብ ቢጸናብንም ሳንመረምር አንቅመስ፤ የተፈቀደውንም በመጸየፍ ሕይወታችንን አንጣ።