ገንዘቡ የማን ነው?

የቁጠባና ብድር ማኅበር ትርፍ ባገኘ ጊዜ ኮሚቴው አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ «ገንዘቡ የማን ነው?» የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1897 የካናዳ ፓርላማ ንግግር መዝጋቢ ጸሐፊ የነበረው ካቶሊካዊው አልፎንስ ዴዣርደን፣ አንድ ሰው 150 ዶላር ተበድሮ ወደ 5,000 ዶላር ወለድ እንዲከፍል እንደ ተፈረደበት በምክር ቤቱ ሲነገር ሰማ። በ1900 በኬቤክ፣ በሌቪ ከተማ የቁጠባና ብድር ማኅበር መሠረተ። በ1901 ሥራው ሲጀመር የመጀመሪያው ተቀማጭ 10 ሳንቲም ነበር። አባል የቱንም ያህል ዕጣ ቢኖረው ድምፁ አንድ ብቻ ነው። ከዚያም መሰል ማኅበራት በየቁምስናው ተቋቋሙ።

ከዚህ እንደምናስተውለው፣ በማኅበር ዘንድ ቆጣቢውና ተበዳሪው አንድ ወገን ናቸው። ወለድ ሲበዛ ተበዳሪው ይጎዳል፤ ከልክ በላይ ሲያንስ የቆጣቢው ጥቅምና የማኅበሩ መጠባበቂያ ይመነምናል። ስለዚህ አባልን ማስቀደም ለጠየቀ ሁሉ ማበደር አይደለም፤ ሊመልሰው የማይችለውን ዕዳ ማሸከም አባሉን ራሱን መጉዳት ነውና። ይልቁንም መጠባበቂያው ከተቀመጠ በኋላ ቀሪው ለወለድ ቅነሳ፣ ለትርፍ ድርሻ ወይስ ለአዲስ ቢሮ ይዋል የሚለውን፣ ሒሳቡን ገልጦ በጠቅላላ ጉባኤ ማስወሰን ነው። ባለ 10 ሳንቲሙ አባል ደፍሮ የማይጠይቅበት ጉባኤ፣ ስሙ ማኅበር ቢሆንም ግብሩ የአራጣ አበዳሪ ወደ መሆን ያዘነብላል።

ለውይይት፦ በማኅበራችን ባለፈው ዓመት የተላለፈው ውሳኔ ማንን ጠቀመ?